ላሟ ያለችው ጣሳው ላይ ብቻ ነው

ባቢከር ማንበብ አይችልም ተብሎ የተጻፈው ሐሰት ነው። ሌላውን ቀስ ብዬ እናገራለሁ፤ ይህን ግን መጀመሪያ ላስቀምጠው። አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት፣ በአንድ ቡናማ ማህደር ውስጥ፣ «ማንበብና መጻፍ የማይችል የጥበቃ ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ስለማያውቀው ነገር ሐሰተኛ ወሬ በመንዛቱ» የሚል ደብዳቤ ማህተም ተመትቶበት ተቀምጧል። ነገሩ የተነሣው በአንድ የአይስክሬም ጣሳ ላይ ከነበረ ጽሑፍ ነው። ያን ጊዜ በዚያ ግቢ ከነበርነው ሁሉ፣ ከኃላፊው እስከ እኔ ድረስ፣ ያንን ጽሑፍ ማንበብ የቻለ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ባቢከር ነው።

መሞቱን የነገረችኝ ልጁ ሐዋ ናት። ሐዋ አስተማሪ ናት። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ የአባቷን የአገልግሎት ወረቀት ልታወጣ ብትሄድ፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ማህደሩን ገልጦ ያንን መስመር ወረፋ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብሎ አነበበው። ወረቀቱን በእጇ እንኳ አልሰጣትም። ከዚያ በቀጥታ እኔ ቤት መጣች። አላለቀሰችም። በሩ ላይ እንደቆመች፣

«እማማ እታገኝ፣ ፊደል ያስቆጠረኝ እኮ እሱ ነው» አለች። «እርስዎ እዚያ ነበሩ። ምን አድርጎ ነው እንዲህ የጻፉበት?»

ነበርኩ። ስለዚህ የነበርኩበትን እጽፋለሁ። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈም፤ የምስክር ወረቀቴ ግን አሁንም ግድግዳዬ ላይ አለ። ውሃን ከወተት ለመለየት ከዚያ በላይ ትምህርት አያስፈልግም።

ክልሉ ያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር። ቢሮ ሲከፈት መጀመሪያ ሰሌዳው ይሰቀላል፣ ወንበሩ ከወራት በኋላ ይመጣል። ኃላፊዎቹ ከየአገሩ የተመደቡ ልጆች ነበሩ፤ ገሚሱ ሻንጣውን ሳይፈታ ስብሰባ ይመራል። እኔ ከወሎ በሰፈራ መጥቼ፣ ባሌን እዚሁ ቀብሬ፣ በጤና ግቢው የምገባ ክፍል ምግብ አብሳይ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። የምገባ ክፍል ማለት በበሽታም በማጣትም የከሱ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር እየተኙ፣ እስኪያገግሙ ድረስ ቀን ከሌት ወተት የሚጠጡበት ቤት ነው። ባቢከር የግቢው ዘበኛ ነበር።

ረጅምና ቀጭን ሰው ነው። ከጀለቢያው በላይ መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን ካኪ ኮት ይደርባል። ወንበሩ ሦስት እግር ነበራት፤ አራተኛው ድንጋይ ነው። ጥያቄ ሲጠየቅ ቶሎ አይመልስም። ቆቡን ያወልቃል፣ ጉልበቱ ላይ ሁለቴ ያራግፈዋል፣ መልሶ ይደፋዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚናገረው። አቧራ ኖረም አልኖረም። የእናቱ ቋንቋ በርታ ነው፤ ዐረብኛም ያውቃል። አማርኛን የለመደው ከጎለመሰ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚለው። እኔን «ያ ኡኽቲ» ይለኛል፣ እኅቴ ማለቱ ነው፤ አስከትሎ ደግሞ «አንተ ዛሬ ቆየህ» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን አርመው ነበር፤ በኋላ ተውኩት። አክብሮ የሚጠራ ሰው እንዴትም ብሎ ቢጠራ ይሰማል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በግቢው በር ላይ ማስታወቂያ ይለጠፍ ነበር። እኔ ጠዋት ስገባ እቆምና ጣቴን ፊደሉ ላይ እየጎተትኩ ለባቢከር አነብለታለሁ። ዘበኛ ነው፣ የገጠር ሰው ነው፣ አያነብም ብዬ። «ነገ... ከሰዓት... በኋላ... ስብሰባ... አለ» እለዋለሁ፤ እሱ ቆቡን ያራግፍና «ሹክረን ያ ኡኽቲ» ብሎ ያመሰግነኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ እገባለሁ። ይህ ዓመት ሙሉ ሄደ። አንድ ጠዋት ጉሮሮዬን አሞኝ ሳላነብለት ላልፍ ስል፣

«ዛሬ ክትባት ነው» አለኝ። «መኪና ከባምባሲ ይመጣል።»

«ማን ነገረህ?»

ወረቀቱን በአገጩ አሳየኝ።

«ታነባለህ እንዴ?»

«የዐረብ ፊደል ከልጅነት አነባለሁ። ቁርኣን ቤት ነው የተማርኩት። ይሄን ደግሞ አንተ አስተማርከኝ። አንተ ታነባለህ፣ ጣት ይሄዳል፣ እኔ አያለሁ።»

«ታዲያ ከለመድክ በኋላ ለምን አቁሚ አላልከኝም?»

ቆቡን አወለቀ፣ አራገፈ፣ ደፋ።

«አንተ ስታነብ ደስ ይልሃል» አለ።

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ማንበብ አይችልም ብለው ከበደሉት ሰዎች የመጀመሪያዋ እንግዲህ እኔ ነኝ። ልዩነቱ እኔ ማህተም አልነበረኝም።

በሁለተኛው ክረምት መንገዱ ተቆረጠ። ከላይ የሚመጡት መኪኖች ጭቃ ውስጥ ቀሩ፤ የወተት ዱቄታችንም አለቀ። አሶሳ ላም እንደልብ የሚረባባት አገር አይደለችም፤ ገንዲ የሚሉት የዝንብ በሽታ ከብቱን ይፈጀዋል። የከተማውን ወተት ሁሉ ብንሰበስብ ለክፍላችን ለጠዋት እንኳ አይበቃም ነበር።

በዚያው ሰሞን ሽፈራው የሚባል ነጋዴ በራሱ ጄኔሬተር የሚሠራ ትልቅ ማቀዝቀዣ ሱቁ ውስጥ አቁሞ፣ በኩርሙክ በኩል ከሱዳን አይስክሬም ማስገባት ጀምሮ ነበር። በመጋዝ ብናኝና በበረዶ በታጨቀ ሣጥን ተጭኖ ይመጣል። ጣሳው ነጭ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ላም ለምለም ሣር ላይ ቆማለች፤ ጡቷ ተወጥሮ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ከጎኑ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ዐረብኛ ነው። ሽፈራው የገበያ ዐረብኛ አቀላጥፎ ይናገራል፣ ፊደሉን ግን አያውቅም። ኃላፊያችን ዘንድ ገባና «በርዶ የሚመጣ ወተት ነው፤ አይበላሽም» አለ። ኃላፊው ላሟን አየ። በወተት ፋንታ ይገዛ ብሎ ፈረመ።

ፍርድ ላለማጣመም ይህንን ልበል። ሽፈራው አጭበርባሪ ነበር አልልም፤ ላሟን አይቶ ገዛ፣ ላሟን አሳይቶ ሸጠ። ኃላፊውም ክፉ ሰው አልነበረም። ባዶ የዱቄት ከረጢት ይዤ ቢሮው ስገባ ፊቱ የሚለዋወጥ ወጣት ነበር። እኔም ጣሳውን ተቀብዬ «ተመስገን» ብያለሁ። ሁላችንም ያመንነው ላሟን ነው።

ልጆቹማ ወደዱት። የዱቄት ወተት በግድ የሚውጡት ሁሉ ማንኪያው ገና ሲመጣ እንደ ጫጩት አፋቸውን ይከፍታሉ። ራህማ የምትባል ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ ነበረች፤ እጇ የእርሳስ ያህል ቀጥኗል። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። አይስክሬሙን በቀመሰች ዕለት ሳቀች። እናቷም እኔም አለቀስን።

ሳምንቱ አለቀና ልጆቹ ተመዘኑ። ሚዛኑ ልጁ እንደ ከረጢት የሚንጠለጠልበት ዓይነት ነው። የሚዛኑ መርፌ ለራህማ ባለፈው ሳምንት ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። የሌሎቹም እንደዚያው። ሁለቱ ጭራሽ ተቅማጥ ጀምሯቸዋል። የሚመዝነው ጤና ረዳት ሚዛኑን መታ መታ አደረገው፤ የተበላሸ መስሎት።

ያን ዕለት ከሰዓት ባዶ ጣሳዎቹን አጥቤ አንዱን ለባቢከር ወሰድኩለት፣ ለሶላት ሲታጠብ ውሃ መቅጃ ይሁነው ብዬ። ተቀብሎ እጁን ዘርግቶ አራቀው፤ የቅርቡ ነገር ብዥ ይልበት ነበር። ከዚያ ጣቱን ከቀኝ ወደ ግራ እያስኬደ ዞረው። ቆቡን አወለቀ። ሁለቴ አራገፈ። መልሶ አልደፋውም፤ እንደገና አራገፈው።

«ያ ኡኽቲ፣ ይሄን ለማን ነው የምትሰጠው?»

«ለልጆቹ ነዋ። ወተት ነው።»

«ወተት አይደለም።»

«ላሟን አታይም እንዴ?»

«አየሁ። ላም ጣሳ ላይ ነው። ውስጥ የለም።»

ወጣት ሳለ ሱዳን ውስጥ በአንድ የጣፋጭ ፋብሪካ ድስት ሲያማስል ኖሯል። ያን ቀን ነው የሰማሁት። የዚያ ሥራ ደንብ እንዲህ ነው አለኝ። የገባውን ነገር ሁሉ መጻፍ አለብህ፤ ስትጽፍ ደግሞ የበዛው መጀመሪያ፣ ያነሰው መጨረሻ።

«የመጀመሪያው ስም የቤቱ ጌታ ነው» አለ። «ሁለተኛው የጌታው ወንድም። የመጨረሻው እንግዳ ነው፣ ውሃ ጠጥቶ የሚሄድ።»

ከዚያ በጣቶቹ እየቆጠረ አነበበልኝ። አውራ ጣቱን አውጥቶ «ውሃ» አለ። ቀጥሎ «ስኳር»። ቀጥሎ «ዘይት። የላም አይደለም፣ የተክል ነው።» አራተኛው ጣት ላይ ሲደርስ «የወተት ዱቄት» አለ። ትንሿ ጣቱ ላይ «ሙጫ» ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ጣት አለቀበትና በሌላው እጁ «ቀለም፣ ሽታ» ብሎ ጨረሰ።

«ሙጫ? ለእነዚህ ልጆች ሙጫ ሳበላ ነው የሰነበትኩት?»

«ሙጫ አይጎዳም። እኛ ልጅ ሆነን ከዛፍ ላይ ለቅመን በላን። ሙጫ ሌላ ሥራ አለው። ቀጭኑን ያወፍራል። ውሃ ወተት ይመስላል።»

«ወተትስ አለበት ብለሃል።»

«አለ። አራተኛ ነው። ቤት ውስጥ አራተኛ የሆነ ሰው ያዛል?»

እኔ በቶሎ የማምን ሴት አይደለሁም። ምን ታውቃለህ፣ አሳየኝ አልኩት። አልተቆጣም። «ኩባያ አምጣ» አለኝ። ከቀረው አይስክሬም እስከ አፉ ሞልተን ኩባያውን ወንበሩን በደገፈው ድንጋይ አጠገብ ፀሐይ ላይ አስቀመጥነው። ሥራዬን ሠርቼ ስመለስ ቀልጦ ከኩባያው ግማሽ ብዙም አያልፍም። አልፈሰሰም፤ ማንም አልነካውም።

«ሌላው የት ሄደ?»

«ነፋስ ነበር» አለ ባቢከር። «ነፋስ ጣሳ ላይ አይጻፍም።»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አይስክሬሙን አልሰጠሁም። ጤና ረዳቱን አማከርኩ፤ የራህማ እናት ለውዝ አምጥታ ፈጨች፣ ከገበያ እንቁላል ገዛን፣ የማሽላ ገንፎ በለውዝ አቅጥነን ለልጆቹ ሰጠን። አልወደዱትም። አይስክሬም የለመደ ልጅ ገንፎ ሲያይ እንዴት እንደሚያለቅስ ያላየ ሰው አይፍረድብኝ። ለቅሷቸው ኃላፊውን ከቢሮው አስነሥቶ አመጣው።

«እትዬ እታገኝ፣ ወተቱን ለምን ከለከልሻቸው?»

«ወተት አይደለማ።»

«ማን አለ?»

«ጣሳው።»

«ጣሳው ተናገረ?»

«ለሚያነብ ይናገራል።»

ባቢከር ተጠራ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። ጣሳውን ይዞ ጣቱን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያስኬድ ኃላፊው ሳቀ።

«ይሄ ሰውዬ ከኋላ ወደ ፊት ነው እንዴ የሚያነበው?»

ሰዉም ሳቀ። ባቢከር ቆቡን አራገፈ።

«ጽሑፉ ከዚህ ይጀምራል» አለ። «እኔ አይደለሁም የጀመርኩት።»

ሳቁ ቆመ፤ ኃላፊው ግን «ወደ በርህ ተመለስ» አለው። ተመለሰ።

በማግስቱ ሽፈራው መጣ። አይስክሬሙን መስጠት ስላቆምኩ ትዕዛዙ ቆሞበት ደሙ ፈልቷል። በእጁ ትንሽ ቡናማ ጣሳ ይዟል፤ ውዱ ዓይነት ነው፣ ላምም ምንም አልተሳለበት። ሰው እያየ ባቢከር ፊት ቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣ አይስክሬም ያስመጣ ሁሉ ጠላትህ ነው? በል ይሄንንም ስደበው።»

ባቢከር ተቀብሎ አራቀው። አነበበ። እኔ በልቤ ‹በለው› እያልኩ ነው። እሱ ግን፣

«ወተት» አለ። «የመጀመሪያው ወተት ነው። ሁለተኛው የወተት ቅባት። ስኳር ሦስተኛ። ከዚያ የእንቁላል አስኳል። ኻላስ፣ አለቀ። ይሄ እውነተኛ ነው። ላም ሥዕሉ ላይ የለም፣ ውስጥ አለ።»

ሽፈራው ለጠብ ተዘጋጅቶ መጥቶ ምስጋና ሲሰጡት ግራ ገባው።

«እንግዲያው ይሄን ለልጆቹ ይግዙና።»

«አይ። ስኳር ሦስተኛ ነው። ይሄ ለጤነኛ ሰው፣ ለበዓል። የከሳ ልጅ ምግብ ይፈልጋል።»

«ምን ዓይነት ሰው ነህ? አንተን ጣፋጭ ነገር አይጥምህም?»

«በጣም ይጥመኛል» አለ ባቢከር።

እውነቱን ነው። በዒድ ዕለት ሐዋን በአንድ እጁ ይዞ ከሽፈራው ሱቅ ባለላሟን፣ ያችኑ ርካሿን ጣሳ ገዝቶ ሲወጣ አግኝቼዋለሁ። «ወተት አይደለም አላልክም?» ስለው፣ «አይደለም። ጣፋጭ ነው። ጣፋጭ ብለህ ብላው፣ ወተት አትበለው» አለኝ። ማንኪያውን ከልጁ ቀድሞ የላሰው እሱ ነበር።

በሕይወቴ ብዙ ዳኛ አይቻለሁ፤ በሰፈራውም፣ በቀበሌውም። የተቆጣውን ሰው ዕቃ አንሥቶ ‹ይሄኛው መልካም ነው› የሚል ዳኛ ግን ያየሁት እዚያ ባለሦስት እግር ወንበር ላይ ነው።

መንገዱ ተከፈተ፣ የወተት ዱቄቱ መጣ። ባለላሟ ጣሳ ከግቢያችን ድምፅ ሳታሰማ ጠፋች። የራህማ መርፌ በገንፎው ጊዜ ትንሽ ተንቀሳቅሳ ነበር፤ ወተቱ ሲመጣ ደህና አድርጋ ሄደች፤ ራህማም በእናቷ ጀርባ አገሯ ገባች። ነገሩ በዚህ ማለቅ ይችል ነበር። ነገር ግን ኃላፊው «ወተት» ብሎ የፈረመበት ወረቀት አለ፤ ሽፈራውም ስሜ ጠፋ ብሎ ለበላይ ጽፏል። አንድ ሰው የተሳሳተ መሆን ነበረበት። ኃላፊው መሆን ስላልቻለ ዘበኛው ሆነ።

በስብሰባ ላይ ደብዳቤው ተነበበ። ማንበብና መጻፍ የማይችል፣ የማያውቀውን የሚያወራ፤ ስለዚህም ወደ ጉባ ተዛውሮ የመድኃኒት መጋዘን እንዲጠብቅ። እኔ ተነሥቼ «እኔ ምስክር ነኝ፣ ያነባል» አልኩ። «እትዬ፣ ዕድል ሳይሰጥሽ አትናገሪ» ተባልኩ። እጄን አወጣሁ። ዕድል አልተሰጠኝም። ስብሰባው እስኪያልቅ እጄን አላወረድኩም።

ደብዳቤውን መቀበሉን ለማረጋገጥ ጸሐፊዋ የጣት አሻራ ማስነሻውን ቀለም ከፍታ አቀረበችለት። ባቢከር ቆቡን አወለቀ፣ ሁለቴ አራገፈ፣ ደፋ። ከዚያ ቀለሙን በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ እስክሪብቶ ጠየቀ። ተሰጠው። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ዓይኑን አስኬደበት፤ ከዚያ ከወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ጀምሮ በዐረብ ፊደል ሲጽፍ ቆየ። አንድ መስመር ሞላ። ወደ ሁለተኛው ወረደ።

«ፊርማህ ከቁመትህ ረዘመ» አለ ኃላፊው። ሰዉ ሳቀ። ባቢከር እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሞ መለሰ።

በሩ ላይ ደርሼበት ያልተናገርኩት የለም።

«ምን ያለህ ሰው ነህ? ሐሰት ሲጻፍብህ ዝም ብለህ ትፈርማለህ? አንድ መልስ አትሰጥም?»

«መለስኩ።»

«መቼ? ትንፍሽ አላልክም።»

«መለስኩ ያ ኡኽቲ። ኻላስ።»

ለአላህ ነገርኩ ማለቱ መሰለኝ። ተናድጄ ትቼው ገባሁ። አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ ያ ነው።

ያን ጊዜ ጉባ ግድብም፣ ያ ሁሉ መኪናም አልነበራትም። ስሙን ሲጠሩት የዓለም ጫፍ ይመስል ነበር። ባቢከር እዚያ መጋዘን ሲጠብቅ ሸመገለ። ለበዓል ቤተሰቡ ዘንድ ሲመጣ እኔ ቤት ሳይደርስ አይመለስም። ቤቴ ያለውን እሽግ ሁሉ፣ ብስኩቱንም ጭማቂውንም፣ እያነሣ ጀርባውን ያነብ ነበር። የልጅ ልጆቼ ከእሱ ለምደው አሁን ሱቅ ሲገቡ «ባቢከር እናድርገው» ይባባላሉ፤ ገልብጠን እንየው ማለታቸው ነው። ዛሬ አሶሳ ውስጥ አይስክሬም ብርቅ አይደለም፣ ጽሑፉም አማርኛ ያለበት አለ። በቀደም ትንሿ ልጅ ከአንዱ ሱቅ ማቀዝቀዣ አንድ ጣሳ አንሥታ ገለበጠችና «እማማ፣ የዚህ ቤት ጌታው ስኳር ነው» ብላ መለሰችው። ባለሱቁ እኔን ገላመጠኝ። ደስ አለኝ።

ሐዋ ደጄ ላይ ቆማ ያንን ከነገረችኝ ማግስት መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጉዳዬን ሰማና፣

«እማማ፣ የሞተ ሰው አቤቱታ አያቀርብም» አለኝ።

«እኔ አልሞትኩም።»

«እርስዎ ለእሱ ምኑ ነዎት?»

«ማስታወቂያ አንባቢው ነበርኩ።»

ነገ ይመለሱ አለኝ። ተመለስኩ። ኃላፊዋ መስክ ናቸው አለኝ። ከመስክ እስኪመለሱ ልጠብቅ ብዬ ከቤቴ ዱካ ተሸክሜ መጥቼ ኮሪደሩ መሃል ላይ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ እኔን ዞሮ ማለፍ ሰለቸው መሰለኝ፣ ይግቡ ተባልኩ።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሐጂራ የምትባል ወጣት ናት። በርታ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ የተማረች። ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ። ጣሳውን፣ ላሟን፣ ገንፎውን፣ ስብሰባ ላይ ያወጣሁትን እጅ፣ የእሱን ፊርማ ሁሉ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ማህደሩን አስመጥታ ደብዳቤውን ገለጠች።

«እማማ፣ ይህን ቀድጄ መጣል አልችልም» አለች። «ከማህደር ወረቀት አይወጣም።»

«ሐሰት ቢሆንም?»

«ሐሰትም ቢሆን። ማስተባበያ ከጀርባው ማያያዝ ግን ይቻላል። የሚያውቅ ሰው ይጻፍና...»

ቃሉን ሳትጨርሰው አቆመች። ወረቀቱን አንሥታ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጣቷ ከገጹ ግርጌ፣ ከቀኙ ጠርዝ ላይ አረፈና ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። ያንን ጣት አውቀዋለሁ።

«ይሄ ፊርማው ነው ያሉኝ?»

«አዎ። ረጅም ነው ብለው ስቀውበታል።»

«ፊርማ አይደለም» አለች። «ማስተባበያው እዚሁ ነበር። ራሱ ጽፎታል።»

እንድታነብልኝ ለመንኳት። ቀስ ብላ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ፦

«ውሃ። ስኳር። የተክል ዘይት። የወተት ዱቄት። ሙጫ። ቀለም። ሽታ። ይህን ጣሳው ላይ አነበብኩ። ከላይ ያለውንም ደብዳቤ አነበብኩ። ሁለቱንም ያነበብኩት እኔ ባቢከር ነኝ።»